«ጣሊያን ሠራው» ከሚለው ባሻገር፦ የከተማችንን ሲኒማ ቤት ታሪክ አሰባስቦ ለመጻፍ

በጅማ ስለ አሮጌው ሲኒማ ቤት የከተማዋን ሰው ቢጠይቁ፣ የሚያገኙት የመጀመሪያ መልስ በአብዛኛው «እሱማ ጣሊያን የሠራው ነው» የሚል ነው። መልሱን ሐሰት ነው ብሎ መነሣት አይገባም፤ ጣሊያኖች ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛታቸው መቀመጫ አድርገው ሰፊ ግንባታ ማካሄዳቸው የታወቀ ነው። ነገር ግን ይህ አባባል ታሪኩ ሊጀመር በሚገባው ቦታ ላይ ታሪኩን ይዘጋዋል። የጣሊያን አስተዳደር በጅማ የቆየው አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው፤ በሰኔ 1933 ከተማዋ ከእጁ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ባሉት ከሰማንያ በላይ ዓመታት በእንዲህ ያለው ቤት ትኬት የቆረጠው፣ ወንበር የጠገነው፣ ወለል የጠረገው፣ ፊልም እያየ ያለቀሰውና ያጨበጨበው የአገሩ ሰው ነው። የሲኒማ ቤትን ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ይህን ሚዛን ከመጀመሪያው ቀን በልቡ ይዞ ካልሄደ፣ ጽሑፉ የአንድ ግድግዳ ታሪክ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሥራውን ከወረቀት ሳይሆን ከሰው ይጀምሩ። ብዙዎቻችን ታሪክ ማለት መዝገብ ስለሚመስለን በቅድሚያ ወደ መሥሪያ ቤት እንሄዳለን፤ ደብዳቤ እናስጽፋለን፣ ቀጠሮ እንጠብቃለን፣ ወራትም ያልፋሉ። መዝገቡ ምናልባት ይጠብቀን ይሆናል፤ ሰው ግን አይጠብቅም። በ1950 የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኖ በሦስተኛ ማዕረግ ወንበር ላይ ይቀመጥ የነበረ ሰው ዛሬ ሰማንያውን አልፏል። እኔ ራሴ የአንድ ቢሮ ፈቃድ ስጠብቅ በከረምኩበት ጊዜ፣ ልጠይቃቸው ስማቸውን በማስታወሻዬ ላይ ጽፌ ካስቀመጥኳቸው አዛውንቶች ሁለቱ ዐርፈዋል። ፈቃዱ በመጨረሻ ተገኘ፤ የተፈቀደልኝ ፋይል ግን በቢሮ ዕድሳት ጊዜ ተጥሎ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ማንም ምክር ቢጠይቀኝ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ሽማግሌዎችን ሳያነጋግር ወደ ምንም ቢሮ እንዳይሄድ እነግረዋለሁ።

ሲፈልጉ ባለቤቶችንና ሥራ አስኪያጆችን ብቻ አይፈልጉ። ፊልም የሚያጫውተውን ኦፕሬተር፣ ትኬት ቆራጩን፣ በባትሪ እያበራ ወንበር የሚያሳየውን፣ የፊልሙን ማስታወቂያ በቀለም የሚጽፈውን፣ በር ላይ ቆሎና ኦቾሎኒ ትሸጥ የነበረችውን ሴት ይጠይቁ። በተለይ የሴቶችን ነገር አይለፉት፤ ማን ከማን ጋር ይሄድ እንደነበር፣ የትኛው ቤተሰብ ልጁን ይከለክል እንደነበር፣ ተደብቃ የገባች ልጅ ብትኖር የት ትቀመጥ እንደነበር ሥራ አስኪያጁ አያውቀውም። ቋንቋውም ይታሰብበት። በጅማ ያለ ሽማግሌ አማርኛ አሳምሮ ቢናገርም የልጅነት ትዝታው በኦሮምኛ፣ በጉራጊኛ፣ በዳውሮኛ ወይም በየምኛ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይዞ መሄድ ይበጃል። ጋሼ፣ ሐጂ፣ ኦቦ፣ አዴ፣ እማማ፤ ሰውዬው በሰፈሩ በሚጠራበት መጠሪያ ይጥሯቸው። ወረቀትና ስልክ ከማውጣትዎ በፊትም ቡናው ይጠጣ። በጅማ ቡና ሳይጠጣ የተጀመረ ጥያቄ እንደ ምርመራ ይቆጠራል።

ፊልም ያጫውቱ የነበሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ሁለት ጊዜ ሄጄ ነበር። በመጀመሪያው ቀን «ሥራዎ ምን ነበር?» ብዬ ብጠይቃቸው «ፊልም ማጫወት ነዋ» ብለው ዝም አሉ። በሁለተኛው ቀን «ፊልሙ ሲበጠስ ምን ያደርጉ ነበር?» አልኳቸው። ሰውነታቸው ተለወጠ። በርጩማቸውን ወደ ፊት ሳቡ፣ ሁለት ጣቶቻቸውን አጣብቀው በአየር ላይ አንድ ቀጭን ነገር እንደያዙ አደረጉና፣ የተበጠሰውን ጫፍ በመቀስ አስተካክለው ሲቆርጡ፣ አንዱን ጫፍ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አድርገው ቀለሙን ሲያነሡ፣ ሙጫ ቀብተው ሌላውን ጫፍ በላዩ ሲያስተኙና በአውራ ጣታቸው ሲጫኑ አሳዩኝ። «አዳራሹ ያፏጫል፤ እኔ እስከ ሃያ እቆጥራለሁ፤ ከሃያ በፊት ከለቀቅከው ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ይላቀቃል» አሉኝ። በየትኛውም መዝገብ የማይገኝ ነገር ይህ ነው። የእጅ ሥራን በተመለከተ «ምን ነበር?» ከማለት ይልቅ «ሲበላሽ ምን ያደርጉ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ሁልጊዜ የተሻለ መልስ ያስገኛል።

ተመልካቾችንም ቢሆን «ሲኒማው መቼ ተከፈተ?» ብለው አይጠይቁ፤ ማንም አያስታውሰውም፤ የሚመልስልዎትም ሰው ሌላ ሰው የነገረውን ነው የሚደግምልዎት። ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡት ከማን ጋር እንደነበረ፣ ገንዘቡን ከየት እንዳገኙ፣ በየትኛው በር እንደገቡ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደተሰማቸው፣ አክተሩ ማን እንደነበረ፣ የሕንድ ፊልም በሚታይበት ቀንና የካውቦይ ፊልም በሚታይበት ቀን የሰልፉ ርዝመት ይለያይ እንደሆነ ይጠይቁ። ጅማ የገበያ ከተማ ስለሆነች የሐሙስ ገበያን ጉዳይ አይርሱ፤ ከገጠር ለገበያ የመጣ ሰው ወደ ሲኒማ ይገባ ነበር ወይ? የቡና ሽያጭ በሚደራበት ወቅትና በክረምቱ መካከል የተመልካቹ ቁጥር ይለያይ ነበር ወይ? ዝናብ በሚበዛበት እንደ ጅማ ባለ አገር ቆርቆሮ ጣራ ሲመታ የፊልሙ ድምፅ ይሰማ ነበር ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች የአዲስ አበባ ወይም የአስመራ ሲኒማ ቤትን ታሪክ የሚጽፍ ሰው አያነሣቸውም፤ የጅማን የሚጽፍ ግን ሊዘላቸው አይገባም።

አሁን ወደ ዘመን አቆጣጠር ልምጣ፤ ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ሽማግሌ ዓመት ሲጠሩልዎት ይመዝግቡት፤ ይሁን እንጂ በሌላ ነገር ሳያመሳክሩ አይመኑበት። የተከፈለው ገንዘብ አንዱ ማመሳከሪያ ነው። በጣሊያን ጊዜ ሊሬ ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግና የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር አብረው ይሠሩ ነበር፤ የኢትዮጵያ የራሷ አዲስ ብር የወጣው በ1937 ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ «ሽልንግ» የሚለው ስም ገንዘቡ ከተለወጠ በኋላም የሃምሳ ሳንቲም መጠሪያ ሆኖ ለብዙ ዘመን ስለቆየ፣ «በሽልንግ ገባሁ» ያሉ ሰው ከ1937 በፊት ገብተዋል ማለት አይደለም። ስለዚህ «በሳንቲሙ ላይ የማን መልክ ነበረበት?» ብለው ይጠይቁ። የጃንሆይ ነው ወይስ የአንበሳ ራስ? የሚለው ብቻ ትዝታውን ከአብዮቱ በፊት ወይም በኋላ ያስቀምጠዋል።

ሁለተኛው ማመሳከሪያ ረመዳን ነው። በጅማ ሙስሊም የሆኑ ሽማግሌዎች ብዙ በመሆናቸው ይህን መንገድ በጣም ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የሒጅራው ዓመት ከእኛው ዓመት በአሥራ አንድ ቀን ያህል ስለሚያንስ፣ ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ እየተሳበ በሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ያዳርሳል። አንድ ሰው «ያን ጊዜ ጾሙ ቡና ለቀማ ላይ ውሎ ነበር፤ ካፈጠርን በኋላ ነው ሲኒማ የሄድነው» ቢሉ፣ ጎልማሳ የነበሩትም በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ከሆነ፣ የሚናገሩት ከ1963 እስከ 1965 ስላሉት ዓመታት ነው ብሎ መገመት ይቻላል። «ጾሙ በሐምሌ ዝናብ ነበር» ካሉ ደግሞ ወይ ከ1939 እስከ 1941 ወይ ከ1971 እስከ 1973 ያሉት ዓመታት ናቸው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የተናጋሪው ዕድሜ ይለየዋል። ሌሎችም መንገዶች አሉ፤ ዘመቻው፣ የትርፍ ቤት አዋጁ፣ ሚሊኒየሙ። ሆኖም ለጅማ ከረመዳን የሚሻል አላገኘሁም።

ሦስተኛው የቀን ጉዳይ የጣሊያኖቹን ራሳቸውን ይመለከታል። በፋሺስት ዘመን በሕንፃ ግንባር፣ በመሠረት ድንጋይ፣ በፕላንና በደብዳቤ ላይ ከተለመደው ዓመት ጎን ወይም በእርሱ ፈንታ በሮማ ቁጥር የተጻፈ የፋሺስት ዓመት ይገኛል። ይህ ዓመት መቆጠር የጀመረው ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት 1915 አንሥቶ ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ በሮማው ቁጥር ላይ 1914 መደመር ይበቃል፤ አሥራ አምስት የሚል ከሆነ ከጥቅምት አጋማሽ 1929 እስከ ጥቅምት አጋማሽ 1930 ያለው ጊዜ ነው። በአካባቢያችን የሚገኝ እውነተኛ የዚያ ዘመን ጽሑፍ ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ዘጠኝ ባለው ውስጥ መዋል አለበት፤ ከዚህ ውጭ የሆነ ቁጥር ካዩ ወይ የተነበበው ተሳስቷል ወይ ድንጋዩ ከሌላ ቦታ መጥቷል።

ሕንፃውን ማንበብ የሚቀጥለው ሥራ ነው። ሜትር፣ ባትሪ፣ ደብተርና አንድ ረዳት ይዘው ይግቡ፤ የሚመለከተውን ኃላፊ አስቀድመው ያስፈቅዱ። በቅድሚያ ወደ ኋላ ግድግዳ ይሂዱና ፊልሙ ከማሽን ክፍሉ ወደ ስክሪኑ ይለቀቅባቸው የነበሩትን ትንንሽ መስኮቶች ይቁጠሩ። በአሮጌ ሲኒማ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፕሮጀክተሮች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ አንዱ ጥቅል ሃያ ደቂቃ ገደማ ስለሚፈጅ፣ ሊያልቅ ሲል በሥዕሉ የቀኝ ላይኛ ማዕዘን ብልጭ የምትል ነጥብ ኦፕሬተሩን ታስጠነቅቀዋለች፤ እርሱም ሁለተኛውን ማሽን ያስነሣል። ስለዚህ የመስኮቶቹ ቁጥርና አደራደር ቤቱ አንድ ማሽን ብቻ ነበረው ወይስ ሁለት የሚለውን ይነግርዎታል። የማሽን ክፍሉን ግድግዳ ውፍረት ይለኩ፤ በመስኮቶቹ ላይ የብረት መዝጊያ ወይም የመዝጊያው ማጠፊያ ቀርቶ እንደሆነ ይመልከቱ። እስከ 1940ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ዙሪያ ይሠራበት የነበረው ፊልም ናይትሬት ከተባለ ነገር የሚሠራና እንደ ቤንዚን የሚቀጣጠል፣ አንዴ ከተያያዘም ውኃ ውስጥ እንኳ የማይጠፋ ነበር፤ ስለዚህ በዚያ ዘመን የተሠራ የማሽን ክፍል ከአዳራሹ በወፍራም ግድግዳ የተለየ፣ የራሱ በርና መወጣጫ ያለው፣ እሳት ሲነሣ መስኮቱ በብረት የሚዘጋ ነበር። እንዲህ ያለ ክፍል ካገኙ ሕንፃው ከመሠረቱ ለሲኒማ የታሰበ ነው ለማለት ጥሩ ማስረጃ ይዘዋል። ክፍሉ በኋላ የተለጠፈ፣ ግድግዳውም ስስ ከሆነ ግን አዳራሹ መጀመሪያ ለሌላ ነገር ተሠርቶ ኋላ ወደ ሲኒማነት ተለውጦ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ወደ ፊት ይሂዱና ስክሪኑ ይሰቀልበት የነበረውን ግድግዳ ይመርምሩ። የድሮው ሥዕል ወደ አራት ማዕዘን የቀረበ ነበር፤ ሲኒማስኮፕ የተባለው ሰፊ ሥዕል በ1946 ከመጣ በኋላ በዓለም ላይ ያሉ ሲኒማ ቤቶች ስክሪናቸውን ወደ ጎን አሰፉ። በግድግዳው ላይ ሁለት የተለያዩ የክፈፍ ምልክቶች፣ የተቆረጠ ዓምድ ወይም በኋላ የተጨመረ እንጨት ካዩ ቤቱ ከዚህ ለውጥ ጋር መራመዱን ያሳያል። ወንበሮቹ ተነቅለው ከሆነም ተስፋ አይቁረጡ፤ ወለሉ ላይ የቡሎን ቀዳዳዎች ቀርተው ይሆናልና ረድፍ በረድፍ ይቁጠሯቸው። አንድ ቀን ሙሉ በባትሪ ተንበርክኬ ቀዳዳ ስቆጥር ያየኝ ዘበኛ ወርቅ የምፈልግ መስሎት ነበር፤ የአዳራሹን የመያዝ አቅም በአሉባልታ ሳይሆን በቁጥር ለመጻፍ ግን ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

ስለ በሮቹ ለብቻው ልናገር። የፋሺስት አስተዳደር በኢትዮጵያ ከተሞች ነጭና ጥቁር እንዳይቀላቀል ሕግ አውጥቶ ነበር፤ የመኖሪያ ሰፈርና ገበያ ተለይቷል፤ በሲኒማም መለያየት ነበረ። በጅማ ፈረንጅ አራዳ የሚለው የሰፈር ስም ዛሬም አለ፤ የቀድሞው ገበያ ሄርማታም በሌላ ወገን። ስለዚህ የሲኒማ ቤቱ ቦታ ከሁለቱ ከየትኛው እንደሚቀርብ በካርታ ላይ ያመልክቱ፤ ስንት በር እንዳለው፣ የጎን በር ካለ ወደየትኞቹ ወንበሮች እንደሚያደርስ ይሳሉ፤ ሽማግሌዎችንም «የእኛ ሰው በየት ነበር የሚገባው?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ያማል፤ አንዳንዱም ሰው ቤቱን ስለሚወደው ሊመልሰው አይፈልግም። ቢሆንም ይህን ሳይጠይቁ ስለ ሕንፃው ውበት ብቻ መጻፍ፣ እዚያ በር ላይ ለተመለሰው ሰው ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወረቀት ፍለጋውን አሁን ይጀምሩ፤ በዚህ ጊዜ የሚፈልጉትን ያውቃሉና ይፈጥናል። ትልቁ ችግር ስም ነው። የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ፋይል በ«ኦሮሚያ» ሥር አያገኙትም፤ ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረችና በ«ከፋ» ይፈልጉ፤ በደርግ ዘመን «ከፋ ክፍለ ሀገር» ይባላል። በውጭ ቋንቋ ሲፈልጉም ጣሊያኖቹ የከተማዋን ስም በ«ጂ» ፊደል፣ እንግሊዞቹ በ«ጄ»፣ ፈረንሳዮቹ ከ«ጄ» በፊት «ዲ» ጨምረው እንደሚጽፉ አይርሱ። በአዲስ አበባ በቀድሞ ስሙ ወመዘክር ተብሎ የሚታወቀው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ በስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ከ1933 ጀምሮ የወጡት የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ጥራዞች ዋናዎቹ መፈለጊያዎች ናቸው። ጣሊያኖች በ1930 በእኛ አቆጣጠር ያሳተሙት የምሥራቅ አፍሪካ የጉዞ መምሪያ ስለ ጅማም ይናገራል፤ ኢስቲቱቶ ሉቼ የተባለው ተቋማቸው ያነሣቸው ፎቶግራፎችና ፊልሞችም በኢንተርኔት ይታያሉ። የሉቼን ሥዕል ሲያዩ ግን ተቋሙ የመንግሥቱ የፕሮፓጋንዳ ክንፍ እንደነበር ያስቡ፤ በፎቶው ያለው የተመረቀ ሕንፃ እውነት ሊሆን ይችላል፣ በፎቶው የሌለው ሰው ግን ሆን ተብሎ የተተወ ሊሆን ይችላል።

የባለቤትነቱን ነገር በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ዙሪያ ይከታተሉ። ይህ አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ኪራያቸው እስከ መቶ ብር የሆኑትን ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑትን ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ስለሰጠ፣ «ከአዋጁ በኋላ ኪራይ ለማን ይከፈል ነበር?» የሚለው ጥያቄ ወረቀቱ የት እንደሚገኝ ይጠቁማል። ከዚያ ወዲህ ስላለው የቪዲዮ ቤቶች ዘመን፣ ቀጥሎም ስለ አማርኛ ፊልሞች መብዛት ብዙ ሰው በሕይወት ስላለ መጠየቁ አያስቸግርም።

ምስክሮች ሲለያዩ ምን ይደረግ? አንዱ «ጣሊያን ጨርሶት ሄደ» ሲል ሌላው «ጣሊያን መሠረቱን ጥሎ ሄደ፤ የጨረሰው የእኛ ሰው ነው» ሊል ይችላል። ሁለቱንም ይጻፉ፤ ቸኩለው አያስታርቋቸው። በአዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር የሆነው ሕንፃ በጣሊያን ጊዜ ለሲኒማ አዳራሽነት ተጀምሮ የተጠናቀቀውና የተመረቀው በ1948 ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ ነው፤ ስለዚህ ስለዚያ ቤት «ጣሊያን ሠራው» ያለውም «ጃንሆይ ሠሩት» ያለውም በከፊል እውነት ተናግሯል። ስም አወጣጥም ራሱን የቻለ ምስክር ነው። የአዲስ አበባን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደጠራው ሁሉ፣ የእርስዎ ከተማ ሰው ቤቱን በየዘመኑ ምን ብሎ ይጠራው እንደነበር ይሰብስቡ፤ በታርጋው ላይ ከተጻፈው ስም ይልቅ ሰው በአፉ የጠራው ስም ቤቱን እንዴት እንዳየው ያሳያል።

ድምፅ ሲቀዱ በሁለት መሣሪያ ይቅዱ፤ በዚያው ምሽትም ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡት። የአንዲትን አዛውንት የሁለት ሰዓት ቃል ስልኬ በመበላሸቱ አጥቻለሁ፤ ተመልሼ ስሄድ ታመው መናገር አልቻሉም ነበር። ከመቅዳትዎ በፊት ስማቸው እንዲጠቀስ ይፈልጉ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ፎቶግራፍ ከሰጡዎት እዚያው ቤታቸው ገልብጠው ይመልሱ እንጂ ይዘው አይውጡ፤ በጀርባው የተጻፈ ነገር ካለ ጀርባውንም ያንሡት። ሲጽፉ የሰማኸውንና ያየኸውን ለይ የሚለውን የድሮ ልማድ ይከተሉ፤ «ለካሁ»፣ «አነበብኩ»፣ «ነገሩኝ» የሚሉት ሦስት ቃላት በየአንቀጹ ቦታቸውን ከያዙ አንባቢው የቱን ምን ያህል እንደሚያምን ራሱ ያውቃል።

ጽሑፉ ሲያልቅ አንዱን ቅጂ ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ለጅማ ሙዚየም፣ አንዱን ደግሞ ለስድስት ኪሎው ተቋም ይስጡ፤ የድምፅ ቅጂዎቹንም ከነዝርዝራቸው ያያይዙ። ከማሳተምዎ በፊት ግን ያነጋገሯቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ዞረው ስለ እነርሱ የጻፉትን ያንብቡላቸው። ለእኒያ ኦፕሬተር አዛውንት የፊልም መቀጠሉን አንቀጽ ሳነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና፣ «ሃያ ብለህ ጻፍክ፤ ለአሮጌው ፊልም ሃያ ነው፤ ለአዲሱ ግን እስከ ሠላሳ እቆጥር ነበር፤ አስተካክለው» አሉኝ። እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጬ አስተካከልኩት።